የቆመው መቅዘፊያ

ወንድሜ ከጠፋ አምስት ወሩ። ይህን ቃል ለፖሊስም ለእናቴም ሰጥቻለሁ፤ እዚህ የጨመርኩት የለም። እንዳየሁት ነው።

ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ።

ደቡብ ቺሊ፣ ከፑኮን ከተማ በላይ ባለው ደን ውስጥ፣ ቁልቁል በሚወረወረው ወንዛችን ላይ።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ኔዌን እና ጓደኛው ዬርኮ። በየካያካችን፣ አንድ ሰው በሚይዙት ጠባብ ጀልባዎች፣ ተቀምጠን ከፏፏቴው በላይ፣ ውሃው ጋብ የሚልባት ጥግ ተጠግተናል። ሲዘንብ አድሮ ስለነበር ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል።

"ማይቴ ፊቷ ገረጣ" አለ ኔዌን እኔን እያየ። "የሶፓይፒያ ቂጣ ድርሻሽን ልብላልሽ?"

"ዝም በል። ሙላቱ አላማረኝም።"

"መቼ አምሮሽ ያውቃል፣ እህትዬ?"

ዬርኮ እየሳቀ ቀድሞን ቀዘፈ። የወንዙ እጥፋት ዋጠው።

እኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ። ቀድሞ የወረደው ሰው መንገዱ ደህና ከሆነ መቅዘፊያውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። አግድም ከያዘው፣ "እንዳትመጡ" ማለት ነው። የፏፏቴው ጩኸት ሌላ ነገር አያሰማም። የቆመ መቅዘፊያ ያየ ሰው አይጠይቅም... ይሄዳል።

ጠበቅን።

አንድ ደቂቃ...

አምስት ደቂቃ...

ከፏፏቴው ማዶ፣ ከአንድ ትልቅ አለት ጀርባ፣ የመቅዘፊያ ጫፍ ብቅ አለ። ቀጥ ብሎ።

"ቆሟል" አልኩት። "ሂድ።"

እኔ ነኝ ያልኩት።

ኔዌን ሄደ።

ብቻዬን ስቀር መቅዘፊያውን ደግሜ አየሁት። ሰው ሲይዘው ትንሽ ይወዛወዛል፤ ክንድ ይዝላል። ይሄ ግን አይነቃነቅም።

የዬርኮ መቅዘፊያ ብርቱካናማ ነው።

ይሄኛው ጥቁር ነው...

ከኋላዬ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

ዬርኮ ነው። በእግሩ። ካያኩን በትከሻው ተሸክሞ ያለከልካል።

"ኔዌንስ?"

"ወረደ።"

"ምን?!"

"ምልክት ሰጠኸን እኮ..."

"እኔ? ማይቴ፣ እኔ አልወረድኩም! ጠርዙ ጋ ስደርስ ነው የወጣሁት። ከታች ግንድ ተጋድሟል። ፊሽካ ስነፋ አልሰማችሁም?"

በጣቴ ወደ አለቱ ጠቆምኩለት።

ዬርኮም አየው።

"ማነው እዚያ?" አለ በሹክሹክታ።

መቅዘፊያው... ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

ገደሉን በገመድ ወርደን ከፏፏቴው ሥር እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስሙን እየጠራሁ ድምፄ ተዘጋ። ግንዱ ላይ ማንም የለም። ከአለቱ ጀርባም ማንም የለም።

የኔዌን ካያክ ግን ከፏፏቴው ሥር ባለው ኩሬ መሃል ነበር። አልተገለበጠም። በዝግታ ይሽከረከራል።

ዬርኮ ገመድ ወርውሮ ሳበው።

ውሃ እንዳይገባ ወገባችን ላይ የምናጠልቀው የላስቲክ ሽርጥ አለ፤ ጠርዙን በካያኩ አፍ ዙሪያ እንቆልፈዋለን። እሱን ሳይነቅል ማንም አይወጣም።

የኔዌን ሽርጥ ዙሪያውን እንደተቆለፈ ነው።

ወገቡ ይገባበት የነበረው ቀዳዳ ግን ባዶ።

"አትንኪው" አለኝ ዬርኮ። "ማይቴ... ተይው።"

እጄን አስገባሁ።

ውስጡ ደረቅ ነበር።

መቀመጫው... ገና ይሞቃል።