የመጨረሻው ስንዝር

«ደከመኝ ብሎ ነገር የለም። አንተ ነህ የገደልከው» አለች ማሚቱ።

«አልካድኩም እትዬ። እጄ ዝሎ ሳተ እንጂ አስቤ አልመታኋቸውም» አለ ሀምዳን።

ባሏ ዘውገ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ባለችው ጠባብ ወርክሾፑ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተጋድሟል። በርሜል የሚቆረጠው በሁለት ሰው ነው፤ ዘውገ ጎንበስ ብሎ መሮውን ይይዛል፣ ቅጥር ሠራተኛው በከባድ መዶሻ መሮውን ይመታል። ዛሬ መዶሻው ያረፈው ዘውገ አናት ላይ ነው። በስህተት ከሆነ ጥቂት ዓመት ያስፈርዳል፤ ታስቦበት ከሆነ ዕድሜ ልክ።

ኢንስፔክተር ማስረሻ ሦስቱን ለየብቻ ጠየቀ። ሀምዳን ከማለዳ ጀምሮ መዶሻውን የሚቀበለው ሳይኖር ብቻውን ሲመታ እንደዋለ ተናገረ። ታላቅ ወንድሙና የሥራ ተፈራራቂው ጠሀ፣ ጠዋት ልጁን ሐኪም ቤት አድርሶ ከዚያ አንዋር መስጊድ ጁምዓ ሲሰግድ እንደነበረ አስረዳ። ጎረቤቶቹም ከሰላት ገና ስላልተመለሱ ያየ የለም። ማሚቱ ጓሮ ሆና ድምፁን ብቻ ሰምታለች፤ ምቱ ጋብ ብሎ እንደገና መቀጠሉን ታስታውሳለች።

ማስረሻ ለሀምዳን ውሃ ሰጠው። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ በርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የተቆረጠውን መስመር በጣቱ ሲከተል ብዙ ቆየ፤ ሲጨርስ ሦስቱንም ጠራቸው።

«እስከዚህ ንጹሕ ነው» አለ። «ከዚህ ወዲያ መዶሻው ከመሮው እየተንሸራተተ ቆርቆሮውን ሰርጉዶታል። የዛለ ክንድ መጀመሪያ በጣት ስፋት ይስታል፤ እየቆየ በመዳፍ። የመጨረሻውን ስንዝር ግን እዩት። አንድም ስርጉድ የለበትም።»

ጣቱን ንጹሑ ስንዝር ላይ አሳረፈ።

«እንዲህ የዛለ እጅ ድንገት አይበረታም። መዶሻውን ሌላ ሰው ተቀብሏል፤ ያልደከመ፣ ሥራውን የሚያውቅ። ያ ሰው አንዴም ሳይስት መጥቶ መጨረሻ ላይ ክንድ ሙሉ አይስትም።»

«እኔ ነኝ አልኩዎት እኮ» አለ ሀምዳን። «ስህተት ነው ይባል። ወንድሜ አራት ልጆች አሉት።»

ጠሀ የወንድሙን ትከሻ ያዘ።

«ከሰላት ስመለስ ክንዱ አልነሳ ብሎታል» አለ። «ተቀብዬ ጨረስኩለት። ጋሼ፣ ዛሬ ይብቃው አልኳቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ሁለት በርሜል ይቀረዋል፣ ሲሞት ያርፋል አሉኝ።»

ማስረሻ ካቴናውን አወጣ።

ውጭ መንገዱ ሞልቶ ነበር። ሰዉ ጠሀን መኪና ውስጥ ለማየት ይጋፋል፤ ማሚቱ ሬሳውን ማን እንደሚያነሳላት ፖሊሶቹን ትጠይቃለች። ሀምዳን በሰዎቹ መሀል አልፎ የሆነውን ሊነግራት የወንድሙ ሚስት ወደምትኖርበት ወደ አውቶቡስ ተራ ሰፈር ሄደ።