ሁለት ጣት

የበዓል ሰሞን ልብስ ሰፊ ቤት ሁለት ጊዜ ይጨናነቃል፤ ከበዓሉ በፊት አዲስ ልብስ ለማሰፋት፣ ከበዓሉ በኋላ የጠበበውን ለማስፋት። እባካችሁ ፊደሉን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ የምነግራችሁ በሁለቱ ቃላት መሀል ስለወደቀ ሰው ነው።

ሰውዬው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ልብስ ሰፍቷል። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሁለት ጣት» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣው የራሱ አፍ ነው። ደንበኛ ሱሪው አልቆለፍ ብሎት ሲመጣ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ የጎደለውን በጣቶቹ ይለካና፣ «ሁለት ጣት ብቻ ነው! ምን ያስጨንቅሃል፣ እናሰፋዋለን» ይላል። የሚሰፋ ጨርቅም አያጣም፤ ገና ሲሰፋው ከኋላ ስፌቱ ላይ ትርፍ ይተዋል። ትርፍ የማይተው ልብስ ሰፊ ደንበኛውን እንደሚረግም ነው የሚቆጥረው።

ለራሱም ያው ነው። ጥቁር የበዓል ሱሪውን በየዓመቱ ሁለት ሁለት ጣት ሲያሰፋ ስድስት ዓመት ሆነው። ትርፉ ሲያልቅ በግራና በቀኝ ሌላ ጨርቅ ቀጠለበት። ሌላው ሰው ቁልፉ እምቢ ሲለው ትንሽም ቢሆን ይደነግጣል፤ እሱ ግን መርፌው በእጁ፣ መቀሱ በእጁ፣ ሱሪው አንድም ቀን አልጠበበው። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ደግሞ «ኧረ ተመችቶሃል!» ይለዋል። ይቺ «ተመችቶሃል» የምትባል ቃል ስንቱን ጉድ እንደሠራች! የተመቸው ሰው ሐኪም ቤት ምን ሊሠራ ይሄዳል?

በሆዱ ግን ያውቅ ነበር። ከወራት ወዲህ ውሃ ጥሙ አልቆርጥ ብሎታል። በሰዓት አንዴ ሽንት ቤት ይመላለሳል። የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ ቀኝ እግሩ ሁለት ካልሲ የደረበ ይመስለዋል፤ ዝቅ ብሎ ሲያይ ግን ባዶ እግሩን ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው። አባቱ በሃምሳ ዓመቱ፣ በበዓል ሰሞን፣ ከገበታ ሲነሳ ወድቆ ነው የቀረው። እሱ አርባ ዘጠኝ ሞልቶታል። ይሄ ሲታወሰው ልቡ ድው ድው ይላል፤ ያኔ ከመሳቢያው ብስኩት አውጥቶ አፉ ውስጥ ይከታል። ፍርሃቱን እየበላ ያበረደ መስሎት ነበር፣ ሞኝ!

የበዓሉ ዋዜማ ሚስቱ ምሳ ይዛለት መጣችና ጥግ ላይ የተደረደሩትን ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ቆጠረች።

«አንተ ሰው፣ አምስት ሊትር ውሃ በግማሽ ቀን? በል ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ከበዓሉ በኋላ።»

«ያለፈው በዓል ላይም ከበዓሉ በኋላ ብለህ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ! ዓለም ሲደሰት በሽታ ትጠሪያለሽ? በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ልብላበት!»

«አንድ ቀን?» ሚስቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። «ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ግብዣ፣ ትናንት የነጋዴዎቹ ግብዣ፣ ነገ እትዬ ቤት፣ ከነገ ወዲያ የቀረውን እንጨርስ ተብሎ ሌላ። ኧረ እኔ ፈራሁ። እንቅልፍ ሲወስድህ ትንፋሽህን ነው የማዳምጠው።»

እሱም መፍራቱን ሊነግራት ፈልጎ ነበር። ወንድነቱ ያዘውና፣ «ባክሽ አታሟርቺ» ብሏት ወደ መኪናው ዞረ።

እትዬ የሚሏት ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ አምስት፣ እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው እንኳ የማይበቃ ምግብ ሲኖር፣ «እኔ በልቻለሁ» ትለውና ሳህኑን ወደ እሱ ትገፋዋለች። አለመብላቷን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። እንግዲህ የዚህችን ሴት ሳህን ምን አንጀት ኖሮት ይመልስ? ዛሬ ቤቷ ሞልቷል፤ ለእሷ ግን የወንድሟ ሆድ አሁንም እንደጎደለ ነው።

በበዓሉ ዕለት ገበታው ላይ ያልቀረበ ነገር አልነበረም፤ በቅቤ የራሰ ሩዝ፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ ጣፋጭ ዳቦ፣ ሦስት ዓይነት ኬክ። ከሁለተኛው ሳህን በኋላ ልብስ ሰፊው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እትዬ፣ ጠገብኩ።»

«ምን በልተህ? በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!»

«እትዬ፣ አሁንስ ቢበቃው አይሻልም?» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «ይልቅ ከሰላጣው ይጨምሩለት።»

«ቅጠልማ ለፍየል ነው! ባሏን አስርባ አከሳችው እንድትባዪ ነው? ወንድምዬ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን!»

«በሞቴ» ከተባለ ወዲያ ምን ይባላል? ሞቷን አስይዛ ለምናው እምቢ ቢላት ሞት እንደፈረደባት ይቆጠራል። በላ። ሦስተኛውን ሳህን ጨረሰ፣ በ«በሞቴ» ኬክ ተጨመረለት፣ ጥማቱን በለስላሳ አበረደው። ልቡ እየመታ፣ ግንባሩ እያላበው፣ ማዶ የተቀመጡት ሰዎች ፊታቸው እየደበዘዘበት፣ ከጠረጴዛው ሥር ቀበቶውን ፈታ። የአባቱ አወዳደቅ ዓይኑ ላይ መጣ። እንግዳው ሁሉ ይስቃል፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት የለ፣ ምን የለ፣ ሱቁ በሚሰፋ ሱሪ ተሞላ። ሲለካ፣ ሲተረትር፣ ሲሰፋ ዋለ። ስምንት ሰዓት ግድም ሚስቱ ገባችና በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄ ወለሉ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ክር ይሆናል።»

ክር አልነበረም። ከስፌት መኪናው እስከ ካውያው ጠረጴዛ፣ ከካውያው ጠረጴዛ እስከ በሩ፣ ከበሩ ተመልሶ እስከ መኪናው፣ በአንድ እግር ልክ የታተመ ቀይ ነገር ነው። ከፊሉ ደርቆ ጠቁሯል፣ ከፊሉ ገና እርጥብ ነው። ሚስቱ ተንበርክካ ቀኝ እግሩን አነሳች። ሳስቶ ያለቀውን ነጠላ ጫማ አልፎ አንድ ትልቅ መርፌ ከትንሿ ጣቱ ሥር ውስጥ ድረስ ገብቷል።

«በእግዚአብሔር! ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ይዘህ ነው የምትራመደው? አላመመህም?»

«አላመመኝም» አለ።

ያላትን ቃል የራሱ ጆሮ ሲሰማት ደነገጠ። መርፌ ሲወጋው ሃያ ሦስት ዓመት «አይ!» ሲል የኖረ ሰው ነው። አሁን ደሙን እያየ፣ መርፌው ሥጋው ውስጥ እያለ፣ ምንም የለም። ቢያመው ኖሮ ባልፈራ፤ አለማመሙ ነው ያስፈራው። ሚስቱን አጥብቆ ያዛትና ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ፈርቻለሁ» አላት።

ሐኪም ቤት ያገኟት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ደሙን መረመረች፤ ስኳሩ ማሽኑ ሊያነበው ከሚችለው በላይ ሆነ። ከዚያ ወፍራም ክር የመሰለ ነገር ከኪሷ አወጣች።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። የእግር ጣትዎን ስነካዎት ‹አዎ› ይበሉኝ።»

ጨፈነ። ጠበቀ። ውጭ በረንዳው ላይ ሕፃን ያለቅሳል። ጠበቀ።

«ዶክተር፣ መቼ ሊጀምሩ ነው?»

«ጨርሻለሁ ጋሼ። አሥር ቦታ ነካሁዎት።»

እዚያው አልጋ ያዘ። መርፌው ቢወጣም ቁስሉ መገለ፤ በሦስተኛው ቀን ትንሿ ጣቱና ጎረቤቷ ጠቆሩ። ሐኪሟ መጣችና ከጥቁረቱ ከፍ አድርጋ፣ እግሩ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረች። ሕመምተኛ ሁሉ ያ መስመር ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ልብስ ሰፊ ያውቃል፤ ጠመኔ ያረፈበት ቦታ መቀስ ያርፍበታል። ያን ቀን ሙሉ ዓይኑን ከመስመሩ ላይ አልነቀለም። «ፔዳሉን በምን ልረግጥ ነው?» አላት ሚስቱን። «ሰው የሚሰፋው እኮ በእጁ ብቻ አይደለም።» ሚስቱ እግሩን በብርድ ልብስ ሸፈነችው።

በማግስቱ ጥቁረቱ መስመሩ ጋ ደረሰ። ሐኪሟ ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ ልታጽናናው ብላ፣ ስለ ቅጽል ስሙ አንዳች ነገር ሳታውቅ፣ «አይጨነቁ ጋሼ፣ ቶሎ ደርሰንበታል» አለችው። «ሁለት ጣት ብቻ ነው።»

ሰውዬው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ጣቶቹ በተቆረጡ በሁለተኛው ቀን እትዬ በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ክዳኑን ከፈተችው፤ ሥጋው ገና ይጤሳል።

«ወንድምዬ፣ ገርጥተሃል። በሞቴ፣ ትንሽ ቅመስልኝ።»

እጇን ያዘ። «እትዬ፣ እስከ ዛሬ በሞትሽ የበላሁ መስሎኝ ነበር» አላት። «ለካ በሞቴ ነው የበላሁት።»

እትዬ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«አንቺ ነሽ የገደልሽኝ በለኛ!»

«አላልኩሽም። አንቺ ሳህን ሰጠሽኝ፤ አፉ የኔ ነው። ጠገብኩ ብዬ ሳበቃ የበላሁ እኔ ነኝ። ፈርቼ ሳለ አልፈራሁም ያልኩም እኔ ነኝ። ግን እትዬ፣ ያን ጊዜ ‹እኔ በልቻለሁ› እያልሽ ያዳንሽውን ልጅ፣ አሁንም ማዳን ከፈለግሽ ማብላቱን አቁሚልኝ።»

ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ሰምታቸው ኖሮ ገባች። «እናቴ፣ በዓል አይደለም ጋሼን እዚህ ያመጣቸው» አለቻት። «አንድ ቀን ማንንም አይጥልም። ከበዓሉ በፊትና በኋላ ወር ሙሉ፣ ያውም በየዓመቱ የሚበላው ነው። ግብዣ ሲሄዱ ተርበው አይሂዱ። ሳህኑ ትንሽ ይሁን፣ ግማሹን አትክልት ይሙሉት። ለጥማት ውሃ ይጠጡ። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ከበሉ በኋላ እንቅስቃሴ ያድርጉ። ለሰው ፊት ተብሎ የተበላውንም ሰውነት ‹ለሰው ፊት ነው› ብሎ አይተውም።»

ዓመት አለፈ። ሰውዬው በየጠዋቱ ከአልጋው ሳይወርድ መስታወት ይዞ ውስጥ እግሩን ያያል፤ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፣ ይልቀቀውም አልልም። የቀጠላቸውን ጨርቆች ከጥቁር ሱሪው ተርትሮ አውጥቶ በልኩ አጠበበው። ሲያጠብበው የተረፈውን ጨርቅ ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ? መቀሱን አንስቶ ከስፌቱ ሥር ቆርጦ ጣለው። ያ ሱሪ ከእንግዲህ አንዲት ጣት እንኳ አይሰፋም።

በዓሉ መጣና እትዬ ቤት በእግሩ፣ እያነከሰ ሄደ። ትንሽ ሳህን ያዘ። አትክልቱን ወሰደ፣ ከሥጋው ቁራጭ፣ ከሩዙ ጥቂት። ከጎኑ የተቀመጠው ጎረቤት ሳህኑን አየና፣ «ምነው፣ ታመሃል እንዴ? በበዓል ቀን! እንካ፣ በሞቴ!» ብሎ ትልቅ የኬክ ቁራጭ አነሳለት።

ከማዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። እትዬ ቆማለች።

«በሞቴ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «በሞቴ፣ ተወው!»

ጎረቤቱ ኬኩን መለሰ። እትዬም ተቀመጠችና ለራሷ ሰላጣ ጨመረች።

ወገኖቼ፣ ለወደዳችሁት ሰው ‹በሞቴ› የምትሉበትን ቦታ ምረጡ፤ እኔ የምላችሁ ይሄንኑ ነው። «ጠገብኩ» ያለን ሰው እመኑት። የጠበባችሁን ሱሪ ከማስፋታችሁ በፊት ደግሞ ሱሪው የሚነግራችሁን ስሙ።

በበዓሉ ማግስት አንድ ደንበኛ ሱሪውን በብብቱ ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ፣ እያለከለከ ገባ።

«ጋሼ፣ ተመችቶኝ ነው መሰል፣ ሁለት ጣት ብቻ ያስፉልኝ!»

ልብስ ሰፊው ከመኪናው ተነሳ። «ለማሰፋት ከሆነ እሺ» አለው። «ለማስፋት ከሆነ ግን መጀመሪያ ይቺን እይ።» ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ ቀኝ እግሩን አንድ በርጩማ ላይ አስቀመጠ።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ሦስት ላይ ቆመ። ሱሪውን መልሶ በብብቱ ያዘና፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ሐኪም ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ።