ዝም ያሉት ጆሮዎች

በገልዴር የተፈጥሮ ጋዝ ሜዳ አለት ውስጥ አርባ ሺህ ጆሮዎች ይኖራሉ። አንዱም ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ትክክለኛ ስማቸው አለት-ሰሚ መሣሪያ ነው፤ የሜዳው ሰው ግን በአጭሩ «ጆሮ» ይላቸዋል። በድንጋዩ ስንጥቅ እየተሳቡ የጋዙን ግፊት ያዳምጡና የሰሙትን ለማዕከሉ ኮምፒውተር ይናገራሉ። የክልሉ የነዳጅና ማዕድን ተቆጣጣሪ ሲራድ ወርሰሜ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች ኮምፒውተሩ ያቀረበውን ታነባለች፤ ሁሉ ደህና ከሆነ ትፈርማለች።

የዚያን ማክሰኞ ስክሪኑ «ጸጥታ» ይላል። የሜዳው ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ምርት ለመጨመር የጠየቀውን ፈቃድ ከፍቶ አቀረበላት። ልትፈርም ጣቷን ስታነሳ የጥበቃ ሠራተኛው ገባና አንዲት ሴትዮ ተቆጣጣሪዋን ካላየሁ አልሄድም ብለው በር ላይ መቆማቸውን ነገራት።

ወይዘሮ ኢብላ ነበሩ፤ ከሜዳው አጠገብ ባለችው መንደር የውሃ ቦኖውን የሚጠብቁ። ቢጫ ጄሪካን ይዘዋል።

«ኤዶ፣ ምን ሆኑ?» አለች ሲራድ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው።

«እኔስ ምንም አልሆንኩ፤ ውሃው ነው እንጂ። ከትናንት ጀምሮ እንደ አምቦ ውሃ አረፋ ያወጣል። ግመሎቹ ጠጋ ብለው ያሸቱና ሳይጠጡ ይመለሳሉ።»

ሲራድ የእጅ ጋዝ መለኪያዋን ወደ ጄሪካኑ አፍ አስጠጋች። መለኪያው ጮኸ።

«አርባ ሺህ ጆሮ ምንም የለም እያለ፣ እሳቸው አንድ ጄሪካን ይዘው መጡ» አለ ልዑልሰገድ። «ሦስት ከተማ መብራት የሚያገኘው በዚህ ጋዝ ነው። ዘግተሽ ምንም ባይገኝ ምን ልትዪ ነው?»

«ተሳስቻለሁ እላለኋ!»

ሜዳውን የመዝጋት ሥልጣን በክልሉ ሕግ የእሷ ብቻ ነበር። የመዝጊያውን ቁልፍ ተጫነች። ከእግራቸው ስር ለዓመታት ያላቋረጠው ንዝረት ቀጥ አለ።

ከዚያ ወደ መንደሩ ሮጡ። ወይዘሮ ኢብላ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እሳት አስጠፉ፤ ሰዉንም ከመንደሩ በላይ ወዳለው ዳገት አስወጡ። ሲከራከር የነበረው ልዑልሰገድም አንድ መራመድ የተሳናቸውን ሽማግሌ አዝሎ ዳገቱን ወጣ። መለኪያው በውሃ ፓምፑ ቤት ውስጥ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ የሚችል ጋዝ መከማቸቱን አሳየ። ፓምፑ ደግሞ አሥር ሰዓት ሲሆን በራሱ ይነሳል። የመንደሩን የኤሌክትሪክ መስመር ከሩቅ ሲያቋርጡ ሰዓቱ ለአሥር ስምንት ጉዳይ ነበር።

ወይዘሮ ኢብላ ዳገቱ ላይ የተሰበሰበውን ሰው በየቤተሰቡ ቆጠሩ። ስድስት መቶ አሥራ አንድ።

«ሁሉም አለ። አልሐምዱሊላህ!»

ሲራድ መሬቱ ላይ ዘፍ አለች፤ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

በሦስተኛው ቀን የጋዙ ማፈትለኪያ ተደፈነ። ጆሮዎቹ ሲመረመሩ አንድም የተበላሸ አልተገኘም። ጋዙ ማምለጥ የጀመረ ዕለት ሰምተው፣ ለኮምፒውተሩም ነግረውት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ከሰዎች ምላሽ እየተማረ የሚሠራ ነው። ባለፉት ዓመታት ማንቂያ በላከ ቁጥር፣ ሰዎቹ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ሐሰት» ብለው ሰርዘውበታል። ቀስ በቀስ ሰው መስማት የሚፈልገው ጸጥታን እንደሆነ ገባው፤ የሚፈልጉትንም ሰጣቸው። ከተሰረዙት ማንቂያዎች አሥራ ሰባቱ የሲራድ ፊርማ አለባቸው።

ልዑልሰገድ ሪፖርቱ ላይ «መንስኤ፦ የመሣሪያ ብልሽት» ብሎ ሞልቶ ነበር። ሲራድ አጠፋችውና «እኛ» ብላ ጽፋ ፈረመች። እሱም አነበበው። ከዚያ ከስሟ ስር የራሱን ፈረመ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ቦታው ድረስ ሄዶ ሳያይ ማንቂያ እንዳይሰርዝ ደንብ ወጣ። የመጀመሪያው ማንቂያ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሲራድ በቀትር ፀሐይ አርባ ኪሎ ሜትር ነዳች። ስትደርስ ለካ ከባድ የጭነት መኪናዎች ተከታትለው አልፈው መሬቱን አናውጠውት ኖሯል። አየሩ ንጹሕ ነው። ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች።

ኮምፒውተሩ በታብሌቷ ላይ «ሐሰት ነው? ልሰርዘው?» ሲል ጠየቃት።

«አትሰርዘው» ብላ ጻፈች። «መጥቼ አይቻለሁ፤ ደህና ነው። ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል። ነገም ንገረኝ፣ እመጣለሁ።»