ወደ ቦታው የተመለሰው ሻማ

ጃቺንቶ ሮቬዳ በምድር ቤቱ፣ ወይኑ ከሚፈላበት ገንዳ ሥር፣ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የወይኑን ልጣጭ ወደ ታች የሚደፍቅበት እንጨት እጁ ላይ እንደነበረ ነው። ቁስል የለውም፤ የገደለው የወይኑ ትንፋሽ፣ ሲፈላ የሚያወጣው አፋኝ ጋዝ ነው።

የፖሊስ ጣቢያው አለቃ ማሬሻሎ ኦዶኔ የድንጋዩን ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ተንቋቋ። በጣሊያን የላንጌ ኮረብታዎች ወይን በሚፈላበት ሰሞን አንዱ ምድር ቤት አንድ ሰው ሳይበላ አያልፍም። ማሬሻሎው ለሟች ቤተሰብ የሚለው ቃል ካለቀበት ቆይቷል፤ ዘንድሮ ጡረታውን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። አልባ ከተማ ያለው አቃቤ ሕግ ግን ስልክ ደውሎ «የአየር ማራገቢያው ጠፍቶ ነው የተገኘው አሉ። ከአባቱ ጋር የሚጣላው ልጁ ነው አጥፍቶ ያስገባው። ሳይመሽ እሰረውና ላክልኝ» ብሎታል።

ልጁ ዴሊዮ ግቢው ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ባስመጣቸው ትንንሽ አዳዲስ በርሜሎች መሀል ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«ማራገቢያውን ማን አጠፋው?» አለው ማሬሻሎው።

«ራሱ ነዋ! እኔ ጠዋት አበራለሁ፣ እሱ ወርዶ ያጠፋል። ጩኸቱ ወይኑን ያስደነግጣል ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! በሻማ ነው የሚያምነው። ነበልባሉ ከጠፋ አየር የለም፣ ሮጠህ ትወጣለህ፤ በቃ፣ ሳይንሱ ይሄ ነው።»

«ዛሬ ቶሎ አልፈለጋችሁትም።»

«ሻማው መደርደሪያው ላይ ነበራ!» ዴሊዮ ከበሩ አጠገብ ያለችውን የድንጋይ መደርደሪያ አሳየው። «እዚህ ቤት ሻማው ከሌለ ሰው ወርዷል ማለት ነው። ያለፈ ሁሉ ቆሞ ይጣራል። ሻማው ካለ ማንም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የወይን ማሳውን ነው ያካለልነው።»

ማሬሻሎው ሻማውን ቀረብ ብሎ አየው።

ከቶሪኖ የመጣችው የወይን ጠመቃ ባለሙያ ዶክተር ቫና ፎሊስ ደጁ ላይ ቆማ ታጨስ ነበር።

«አዎ፣ ሻማውን እኔም አይቻለሁ። ማንም አልነካውም። ዴሊዮ አባቱን ሲያወጣም ከደፉ አላለፍኩም። ሽማግሌው፣ ወይን ሲፈላ ሴት ከገባች ይኮመጥጣል ብለው ከልክለውኛል። ዩኒቨርሲቲ ይሄን አላስተማሩኝም።»

«ተናደድሽባቸው?»

«ሰለቸኝ እንጂ አልተናደድኩም። ደግሞ ትላንት ከአዲሱ በርሜል አንድ ብርጭቆ ቀምሰው ‹የአናጢ ቤት ይሸታል› አሉና ሁለተኛ ጠየቁ።»

የሟቹን ወንድም፣ መንደሩ ሁሉ ‹ባርባ› ማለትም አጎቴ እያለ የሚጠራውን ሴኮንዶን፣ ምንጩ ዘንድ ቅርጫት ሲያጥብ አገኘው።

«ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ፣ ማሬሻሎ። ምድር ቤት አልወረድኩም።»

«ምድር ቤት ያለውን አሮጌውን ታላቅ በርሜል ሊሰነጥቁት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

የሽማግሌው እጅ ቅርጫቱ ላይ ቀረ። «እሑድ ማዕድ ላይ ጃቺንቶ ራሱ ነው ያለው። ‹ከሳን ማርቲኖ በዓል በኋላ ማገዶ ይሆናል› ብሎ ሳቀ። እኔና እሱ ልጆች ሆነን በበርሜሉ ትንሽ በር ገብተን ውስጡን ስንፈገፍግ ነው ያደግነው። ትከሻችን አላስገባ እስኪል ድረስ።»

ማሬሻሎው ተመልሶ ወረደ፤ ሬሳው በነበረበት ቦታ ተንበረከከ። ወለሉ ላይ የዛሬ ጠዋት ወይን ፈስሶ ገና አልደረቀም። ሟቹ ከወደቀበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ በፈሰሰው ወይን ላይ፣ የሰም ጠብታዎች ረግተዋል። ማሬሻሎው የወይን ገበሬ ልጅ ነው። ያየውን ባላየ ደስ ባለው።

ሦስቱን ጠርቶ በሩ ላይ ሰበሰባቸው። ማራገቢያው በርቷል።

«እኔ ጃቺንቶን ሆኜ ልደፍቅ ነው» አለ። «ብርሃን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ዴሊዮ?»

«እኔ የእጅ ባትሪ ነው የማውቀው።»

«ባርባ፣ እንግዲያው እርስዎ።»

ሴኮንዶ ሻማውን አነሳ፣ ለኮሰ፣ ወረደ። ከማሬሻሎው ጀርባ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ነበልባሉን ጉልበቱ ድረስ ዝቅ አድርጎ ቆመ፤ መጥፎው ትንፋሽ ወለል ለወለል ነዋ የሚሄደው። ሰሙ ተንጠባጠበ፣ ከጠዋቶቹ ጠብታዎች ጎን። ማሬሻሎው ጥቂት ደፈቀና «ይበቃናል» አለ። ወጡ። ሴኮንዶ ክሩን በጣቱ ቆንጥጦ አጠፋና ሳያይ እጁን ዘርግቶ ሻማውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

ማሬሻሎው ሻማውን ሲያይ ሁሉም አዩት።

«እዚያ ያስቀምጡት ያለዎት አለ?» አለ በደከመ ድምፅ። «ሰሙ ዛሬ በፈሰሰው ወይን ላይ ነው የረጋው። ስለዚህ ሻማው ዛሬ ጠዋት ከጃቺንቶ ጋር ወርዷል። የነጠበው ከኋላው ነው፤ ስለዚህ የያዘው ሌላ ሰው ነው። ጃቺንቶ ውስጥ ሞቶ ቀረ፣ ሻማው ግን ወጥቶ ቦታው ገባ። ሙት ደግሞ ሻማ አይመልስም። ዴሊዮ ሻማ መያዝ አያውቅበትም። ዶክተሯ ብትወርድ ኖሮ የጃቺንቶ ጩኸት እስከ አልባ ይሰማ ነበር። ወንድምዎ ማራገቢያውን አጥፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሠራው የሚያምነው ሰው ሻማውን ሲይዝለት ብቻ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ እጅዎ ነው የነገረኝ፣ ባርባ።»

ሴኮንዶ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ነበልባሉ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ጠፋ» አለ። «ትንፋሹ ጉልበቴ ላይ ነው ያለው፣ ጃቺንቶ አፍ ዘንድ ገና አልደረሰም። ‹ጠፋ!› ማለት ነበር የኔ ሥራ። ስድሳ ዓመት ብያለሁ። እሱ እየደፈቀ ይዘፍናል። ያ ማገዶ ትዝ አለኝና አፌ አልከፈት አለኝ። ወደ ደረጃው ሸሸሁ። ዘፈኑ ቆመ። ሻማውን ማስቀመጤን እንኳ አላውቅም።»

ዴሊዮ አጠገቡ ሄዶ ቆመ። እንዳይጮህ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

«አጎቴ፣ በርሜሉን ማንም አይነካውም ነበር። አባዬ ሰኞ ዕለት አስምሎኛል። ‹ሴኮንዶ በሕይወት እስካለ አንዲት ጣውላ እንዳትነካ። ግን እንዳትነግረው፣ ይንቀባረርብኛል› ነበር ያለኝ።»

ሴኮንዶ አንዴ ‹እ?› አለ፣ በደንብ እንዳልሰማ ሰው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ማሬሻሎው ሻማውን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሽማግሌውን በክንዱ ደግፎ ወደ መኪናው ወሰደው። ሁለቱም ሲራመዱ ቀስ ብለው ነው፤ የሚቸኩል አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዴሊዮ ማራገቢያውን ሊያይ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። እግሩ በራሱ ቆመ፤ አጎንብሶም ወደ ጨለማው ተጣራ።

«አባዬ፣ አለህ?»