ሮንዴላ ላይ የቆሙ ወታደሮች

ታምሲን ወደዚያ አዳራሽ የገባችው ለጨዋታ ብላ አልነበረም። አባቷ ዴንዚል «ዝናቡ እስኪያባራ» ብሎ ክንዷን ይዞ ጎተታት። በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ፕሊመዝ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው እዚያው ጎጆ ቢቀልስ ይሻለዋል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ ትልልቅ ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የአሻንጉሊት ወታደሮች እየገፉና ዳይስ እየወረወሩ ይጨቃጨቃሉ። ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ወጣት አጎንብሶ ካርቶን በምላጭ ይቆርጣል።

«ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችው።

«ወታደር አውራጅ ጀልባ» አለ ቀና ሳይል። ከዚያ ቀና አለ። ምላጩ ከመስመሩ ወጣ።

«አበላሸሁብህ?»

«አዎ» አለ። ጆስ ይባላል፤ መዋሸት አያውቅበትም። «ግን ካርቶኑ የቁርስ ማሸጊያ ነው። ነገም ቁርስ እበላለሁ።»

ታምሲን ሳቀች። ዴንዚል ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ዓለምን በጣቱ ነው የሚያየው፤ እጁን ዘርግቶ ጅምሩን ዳሰሰው።

«የኔ ሸጋ፣ ይሄ የማን ምሳ ዕቃ ነው?»

«ጀልባ ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ከነምሳው ብትሠራው ምናለ!»

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ከአዳራሹ አይጠፉም። ዴንዚል ዳይስ ይወረውራል፣ ሌላው ያነብለታል፤ ባላመነው ቁጥር ደግሞ ነጥቦቹን በጥፍሩ ይቆጥራል። ታምሲን ወደብ ላይ የጀልባ ስም በቀለም የምትጽፍ ናትና የጨዋታው ክበብ ዳኛ ሞሪን አንድ ሳጥን ሙሉ ወታደር አሸከመቻት። ጆስ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ እሷ አጠገቡ ትቀባለች። አንዳንዴ ማጣበቂያውን ሲያቀብላት ጣታቸው ይነካካል፤ ሁለቱም ያልተነካካ ያስመስላሉ።

«እነዚህ ልጆች ዝም ሲሉ ጆሮዬን ያመኛል» ይላል ዴንዚል።

ጆስ በከተማው የመንገድ ሥራ ቢሮ ቀያሽ ነው፤ ውሎው በመለካት ነው። ጀልባዋንም ከእውነተኛዋ ልክ ሃምሳ ስድስት ጊዜ አሳንሶ ነበር የጀመራት፤ የብረቱን ችንካር ራስ ሳይቀር በመርፌ ጫፍ የኮላ ጠብታ እያስቀመጠ ይሠራል። ልክ የሆነ ነገር ማንንም አይጎዳም ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ከመሄዳቸው በፊት፣ ባሕሩ ዳር ተቀምጠው የተጠበሰ ድንች ሲበሉ፣ ልቡን ሰብስቦ ተናገረ።

«ዳገቱ ላይ ያለችውን ቤት ተከራይቻለሁ። ሁሉንም ለክቻለሁ። አልጋው ላይኛው ፎቅ፣ የቀለም ጠረጴዛሽ መስኮቱ ሥር፣ የኔ መሥሪያ ክፍል ምድር ቤት። ታምሲን፣ አግቢኝ።»

ፊቷ በራ። ለዚህ ቀን ስትጓጓ ነበር፤ ይህን ከራሷ አትደብቅም።

«አባዬስ?»

ጆስ ለዚህም ተዘጋጅቷል። መዘጋጀቱ ነው የጎዳው። «ከቤቱ ሁለት ፌርማታ ላይ ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ጠይቄያለሁ፣ ንጹሕ ነው።»

ታምሲን ድንቹን አስቀመጠች። የባሕር ወፎቹ ወዲያው ተረባረቡበት።

«እኔን ለክተህ አስገባኸኝ» አለች። «አባቴን ለክተህ አስወጣኸው።»

«ለሱ ብዬ እኮ ነው…»

«አገባሃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት ጆስ። አባቴ ያለበት ቤት ካለህ ንገረኝ። ከሌለህ ተወው።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች አልቀረችም፤ ለሞሪን ቃል ገብታ ነበርና። ግን ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጆስ ሊናገር አፉን ይከፍትና መልሶ ብርጭቆ ወረቀቱን ያነሳል።

የታላቁ ጨዋታ ቀን ደረሰ። ጀልባዋ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ አዳራሹ አጨበጨበ፤ የፊት በሯ በክር ወርዶ ይከፈታል። «እውነተኛዋ እንደ ሹራብ ታጥባ የተኮማተረች ትመስላለች» አለች ሞሪን።

ታምሲን ወታደሮቿን አመጣች። እንዳይወድቁ እያንዳንዱን ሰፋ ያለ የብሎን ሮንዴላ ላይ አጣብቃዋለች፤ ሮንዴላው ላይ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ የተሰባበረ ዛጎል።

ጆስ ጫናቸው። ሁለት ረድፍ ገባ። ሦስተኛው አልገባም። አጠጋጋቸው፣ አዞራቸው፤ እምቢ አለ። ጀልባዋ ስህተት አልነበረባትም። ግን የእውነት ወታደር እግሩ ሥር ሮንዴላ ይዞ አይሳፈርም።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ጀማሪ ሁሉ በዚህ ነው የሚጠመቀው!» አለች ሞሪን ዓይኗን እየጠረገች። «በል ከሮንዴላው ገንጥላቸው፣ ተደጋግፈው ይቁሙ።»

ጆስ ፒንሳ አነሳ። አንዱን ወታደር ያዘና ታምሲንን አያት። ከስንት ሳምንት በኋላ ዓይኖቿ ዓይኖቹ ላይ ቆዩ።

«ገንጥለው» አለች በቀስታ። «ልክህ እንዳይነካብህ።»

ጆስ ወታደሩን አገላብጦ አየው። አሸዋውን፣ ዛጎሉን። ከዚያ ፒንሳውን አስቀምጦ ትንሿን መጋዝ አነሳ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለች ሞሪን።

«ላሰፋት።»

«አብደሃል? እንዲህ የሰፋች ጀልባ በዓለም ላይ የለችም እኮ!»

«አሁን ትኖራለች።»

ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ በመሃል ሰነጠቃት። የለፋባቸው የኮላ ችንካሮች እየተፈነጣጠሩ ወለሉ ላይ ወደቁ። ማንም አልሳቀም። መሃሏ ላይ ስስ እንጨት አስገባ፤ ቀና ሳይልም ተናገረ።

«ታምሲን፣ ምድር ቤት ያለው መሥሪያ ክፍሌ ደረጃ የለውም። መታጠቢያውም አጠገቡ ነው። ለአባትሽ ይሁን።»

«መሥሪያህስ?»

«ወጥ ቤት።»

«ይበቃሃል?»

«እንጃ» አለ ጆስ። «አልለካሁትም።»

ታምሲን መልስ ከመስጠቷ በፊት የዴንዚል ከዘራ ወለሉን ደበደበው።

«ቆይ እስቲ! እኔ ቁምሳጥን ነኝ? አንዱ ሲያወጣኝ አንዷ ስታስገባኝ! የጠየቀኝ ሰው አለ?»

የሁለቱም ፊት ቀላ። እውነቱን ነው፤ ስለ እሱ ስትጣላ ከርማ ታምሲንም አንድ ቀን አልጠየቀችውም።

«አባዬ» አለች ተንበርክካ። «አብረኸን ትኖራለህ?»

«አንኮራፋለሁ።»

«ሁልጊዜ ቅዳሜ እዚሁ ሲያንኮራፉ እንሰማለን» አለ ጆስ።

«ሬዲዮም ጮክ አድርጌ ነው የምከፍተው።»

«ይክፈቱ።»

ዴንዚል አገጩን አከከ። «እንግዲያው እኔ እሺ ብያለሁ። የልጄን መልስ ግን እኔ አልመልስልህም፣ የኔ ሸጋ።»

ታምሲን ተነሳች። ወንበሯን ከመስኮቱ ጎትታ ከጆስ አጠገብ አመጣችና የተሰነጠቀችውን ጀልባ ጎንና ጎኗን በመዳፎቿ ጨምቃ ያዘች።

«ኮላው እስኪደርቅ ልያዝልህ።»

«ቶሎ አይደርቅም።»

«አልቸኩልም» አለች። ከዚያ እሱ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ፣ «አዎ» አለችው።

በዚያ ቀን ሦስቱም ረድፍ ተሳፈረ፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው የባሕር ዳርቻ ሳይደርሱ ሞሪን በአንድ ዳይስ አሰጠመቻቸው።

በፀደይ ተጋቡ። ዳገቱ ላይ ያለችው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ አሁን መጋዙ ከዳቦ ቢላው ጎን ተሰቅሏል፤ ከምድር ቤት ሬዲዮ ይጮኻል። አንድ ጠዋት ታምሲን ቅቤ የተቀባ ዳቦዋን ልትጎርስ ስትል ቆም አለች።

«ጆስ፣ ይሄ ዳቦዬ ላይ ያለው የእንጨት ብናኝ ነው?»

ጆስ መዋሸት ስለማያውቅበት የተሰቀለውን መጋዝ አየ።

«ስኳር ነው» አለ ዴንዚል እያላመጠ። «ብሉ ዝም ብላችሁ።»