ነብሮና የቡሄ ዱላ

ጆሮ ያላችሁ ልጆች፣ ኑ ጠጋ በሉ። የነብሮን ታሪክ ልነግራችሁ ነው።

ነብሮ ውሻ ነው። እንዲያውም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲያየው መንገድ የሚቀይርለት ውሻ ነው።

ራሱ የሽሮ ድስት ያህላል። ሰውነቱ ጥቁር፣ ቅንድቡና እግሮቹ ቡናማ ናቸው።

ዘሩ ሮትዋይለር ይባላል። ይህ ዘር ስሙ ክፉ ነው፤ ማንም ሳይነከስ እንኳ «ይናከሳል» ይሉታል።

የሰፈሩ ሰዎች ነብሮን ባዩት ቁጥር እንዲህ ይላሉ፦ «ትልቅ ነው። ጥቁር ነው። ጥርስ አለው።»

ሶስና ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «ትልቅ ነው። ጥቁር ነው። ጥርስ አለው። የኔ ነው።»

ነብሮ ይህን ሲሰማ ጭራውን ይቆላል። ወዝ፣ ወዝ፣ ወዝ።

ሶስና ትንሽ ልጅ ናት። የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ፣ በጥርስ ነገር ነብሮ ይበልጣታል።

ነብሮን ያመጣላት አባቷ ነው። ያኔ ነብሮ ገና ቡችላ ስለነበር፣ አባቷ በጃኬቱ ጠቅልሎ አቅፎት ገባ።

ነብሮ በላ፣ ተኛ። በላ፣ ተኛ። በላ፣ ተኛ። ይኸው አደገ።

የእነ ሶስና ግቢ የቆርቆሮ በር አለው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል።

እውነቱን ልንገራችሁ? አባቷ ይህን የጻፈው ነብሮ ሳይወለድ ነው።

ሌባ ይፍራ ብሎ ነው የጻፈው። በዚያ ሰፈር ውሻ ቀርቶ ድመት የሌላቸው ሰዎችም በራቸው ላይ ጽፈውታል።

አሁን ግን ውሻው በእርግጥ አለ። ሰዎች ጽሑፉን ያዩና ነብሮን ያዩና እግሬ አውጪኝ ይላሉ።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ቡሄ ደረሰ። ልጆች ሜዳ ላይ ወጥተው ጅራፍ ማጮኽ ጀመሩ። ጧ! ጧ!

ያ ትልቁ፣ ያ ጥቁሩ፣ ያ ባለ ጥርሱ ነብሮ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? እየሮጠ ቤት ገብቶ የሶስና አልጋ ሥር ተደበቀ።

ራሱ ገባ። ሆዱ እየተጨነቀ ገባ። ጭራው ውጭ ቀረ።

«አይዞህ» አለችው ሶስና፤ ጭራውንም ዳበሰችለት።

እናቷ ግን ውሻ ቤት አይገባም ባይ ናት። ነብሮን ታስወጣዋለች፤ ጅራፍ ሲጮኽ ተመልሶ ይገባል።

አምና በቡሄ፣ ነብሮ ገና ቡችላ ሳለ፣ ጨፋሪዎቹ እነ ሶስና ቤት መጥተው ነበር። በሩን ኳ! ኳ! አድርገው፣ መሬቱን በዱላ ዱብ! ዱብ! እያደረጉ ጨፈሩ።

በዘፈናቸው ውስጥ የሶስናን ስም ጠሩ። ሶስና ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት እራት መብላት አቃታት።

ዘንድሮም ስሟ እንዲጠራ ፈለገች። ከምንም ነገር በላይ ይህን ፈለገች።

የጨፋሪዎቹ አለቃ ካሌብ የሚባል የሰፈር ልጅ ነው። አንድ ቀን ሱቅ በር ላይ አገኛትና «ዘንድሮ እናንተ ቤት አንመጣም» አላት። «ውሻችሁ ሰው ይበላል ይባላል።»

ሶስና ነብሮ የሚበላው ፍርፋሪና አጥንት ብቻ መሆኑን አስረዳችው። ካሌብ ግን «ትልቅ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ጥርስ አለው» ብሎ ሄደ።

ሶስና ቤት ገብታ አለቀሰች። ነብሮ እንባዋን ላሰላት፤ አፍንጫዋንም ጨምሮ ላሰላት።

በማግስቱ ሶስና አንድ ነገር አሰበች። የፀጉሯን ሮዝ ሪባን ፈትታ በነብሮ አንገት ላይ አሰረችለት።

አባቷ ገመዱን ያዘ፤ ሦስቱም ወደ መንገድ ወጡ። ነብሮ አማረበት፤ እሱም ያማረበት መሆኑን ያወቀ ይመስላል።

ከፊት ለፊታቸው ያሉት ጎረቤት፣ እትዬ ዘነቡ፣ ጃንጥላ ይዘው ይመጡ ነበር። ነብሮን ሲያዩ ጃንጥላውን እንደ ጋሻ ዘርግተው ከኋላው ተደበቁ።

«ትልቅ ነው። ጥቁር ነው። ጥርስ አለው» አሉ ከጃንጥላው ኋላ። «ደግሞ ሪባን አስሯል።»

ሶስና ሌላ ነገር አሰበች። ጠመኔ አምጥታ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ትልቅ አበባ ሣለች።

እትዬ ዘነቡ ሲያልፉ ቆም ብለው አበባውን አዩት። ከዚያ ጽሑፉን አነበቡና ከበፊቱ ፈጥነው ሄዱ።

ሶስና ተናደደች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ክፉ ነው ብላ ለአባቷ ነገረችው።

አባቷ አጠገቡ አስቀመጣት። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ነብሮን ስለማያውቁት ነው የሚፈሩት አላት።

«ነብሮ ጅራፍ ሲጮኽ ፈርቶ አልነበር?» አላት። «ያን ጊዜ ሰደብሽው?»

«አልሰደብኩትም» አለች ሶስና። «አይዞህ አልኩት።»

«እንግዲያው» አለ አባቷ።

የቡሄ ቀን እናቷ ሙልሙል ጋገረች። የትኩስ ዳቦ ሽታ ግቢውን ሞላው።

ከሰዓት በኋላ ጨፋሪዎቹ ከሩቅ ተሰሙ። ዱብ! ዱብ! ሆ! ዱብ! ዱብ! ሆ!

ነብሮ እየሮጠ አልጋ ሥር ገባ። ራሱ ገባ። ሆዱ እየተጨነቀ ገባ። ጭራው ውጭ ቀረ።

ጨፋሪዎቹ የእትዬ ዘነቡን በር አንኳኩ። ኳ! ኳ! ጨፈሩ፣ ሙልሙላቸውን ተቀበሉ፣ መረቁ።

ቀጥሎ የእነ ሶስና ተራ ነበር። ሶስና ከበሩ ኋላ ቆማ ጠበቀች።

በሩ ግን አልተንኳኳም። የልጆቹ እግር በበሩ አጠገብ ኮቴው ሳይሰማ ሲያልፍ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየች።

ሶስና በሩን ገርበብ አደረገች። ልጆቹ ተያይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አይዟችሁ» አለቻቸው። «ነብሮ እዚህ የለም። ዱላችሁን ፈርቶ አልጋ ሥር ገብቷል።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ያ ትልቁ?» አለ አንዱ። «ያ ጥቁሩ?» አለ ሌላው። «ያ ባለ ጥርሱ?» አለ ካሌብ።

«አዎ» አለች ሶስና። «የኔው።»

አንዳንዶቹ ሊስቁ ነበር። ካሌብ ግን አልሳቀም፤ መፍራት ምን እንደሚመስል እሱም ያውቀዋል።

ዱላውን አየ። ቡሄ ያለ ዱላ ማለት ወጥ ያለ ጨው ነው።

ቢሆንም ካሌብ ዱላውን ከአጥሩ ጋር አስደግፎ አቆመው። ሌሎቹም ዱላቸውን አንድ በአንድ አስደገፉ።

ወደ ግቢው ገቡ፤ ገና ከበሩ ግን አልራቁም። በእጃቸው ቀስ ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ሆ። ጠብ፣ ጠብ፣ ሆ።

አልጋ ሥር ጭራው ተንቀሳቀሰ። ሆዱ ወጣ። ራሱም ወጣ።

አባቷ ነብሮን በገመድ አጥብቆ ይዞ ወደ ግቢው አመጣው። ነብሮ ልጆቹን ሲያይ ቆመ፤ ልጆቹም እሱን ሲያዩ ማጨብጨባቸውን አቆሙ።



ካሌብ አንድ እርምጃ መጣ። ነብሮም አንድ እርምጃ መጣ።

«አይዞህ» አለች ሶስና። ለማን እንዳለችው እሷም አላወቀችም፤ ሁለቱም ግን ሰሟት።

ነብሮ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ጭራው ጀመረ። ወዝ፣ ወዝ፣ ወዝ።

አባቷ ለካሌብ እጁን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ እንዲዘረጋ ነገረው። ካሌብ ዘረጋ።

ነብሮ አሸተተው። ከዚያ ከጣቱ እስከ ክርኑ ላሰው።

አሁን ሁሉም ሳቁ። ካሌብ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ከራሱ አውጥቶ ግጥም አወረደ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

«የሶስናን ነብሮ ነብር ብለን ነበር፤»
«ሆ!»
«ሙልሙል ይጠብቃል ቁጭ ብሎ ከበር።»
«ሆ!»

ሶስና ስሟን ሰማች። ዘንድሮ ደግሞ ከነብሮ ጋር ነው የተጠራው፤ ይህ ከአምናው ይበልጥ ደስ አላት።

እናቷ ለልጆቹ ሙልሙል አደለች። ነብሮም ተራውን ጠብቆ የራሱን ተቀበለ፤ በአንድ ጉርሻም ዋጠው።

እትዬ ዘነቡ ከማዶ ሆነው ያዩ ነበር። ከበራቸው አንድ እርምጃ ወጡና እዚያው ቆሙ፤ ለዛሬ ይኸው ይበቃል።

ልጆቹ መርቀው ወጡ። ዱላቸውን ያነሱት በእግር ጣታቸው ተራምደው ነው፤ እስከ መንገዱ ጥግም ዱብ አላደረጉትም።

ማታ ሶስና አባቷን አንድ ነገር ጠየቀችው። በበሩ ጽሑፍ ሥር «ግን ዱላ ይፈራል» ብሎ እንዲጨምርበት ነው።

አባቷ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንዲያማ ከጻፍን ሌባው ሁሉ ዱላ ይዞ ይመጣል» አላት።

ስለዚህ ሳይጽፉት ቀሩ። ግድ የለም፤ ማወቅ ያለባቸው ልጆች አውቀውታል።

ሶስና አልጋዋ ውስጥ ገባች። ከሩቅ፣ ከሌላ ሰፈር፣ የጅራፍ ድምፅ መጣ። ጧ።

ነብሮ ራሱን በበሩ ብቅ አድርጎ እናቷን አየ። እናቷ ውሻ ቤት አይገባም ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው።

«ለዛሬ ብቻ» አለች።

ራሱ አልጋ ሥር ገባ። ሆዱ እየተጨነቀ ገባ። ጭራው ውጭ ቀረ።

ሶስና እጇን ከብርድ ልብሷ አውጥታ ወደ ታች ሰደደችው። አንድ ትልቅ ለስላሳ ጆሮ አገኘች።

«ትልቅ ነህ» አለችው በሹክሹክታ። «ጥቁር ነህ። ጥርስ አለህ። የኔ ነህ።»

ከአልጋው ሥር መልስ መጣ። ወዝ፣ ወዝ፣ ወዝ።

ቀስ እያለ፣ ወዝ... ወዝ...

ሁለቱም ተኙ።