ያልጮኸው ቴፕ

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በጎኑ ወድቆ ተገኘ። የጠረጴዛው ጥግ ደም ነክቶታል። ጠረጴዛው ላይ ቁልፎቹ የገረጡ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር አለ፤ ከጀርባው ከክብሪት ሣጥን ብዙ የማትበልጥ አዲስ የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ ተሰክታለች።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ገዳዩን የያዙ መስሏቸው ነበር። ማንበቢያዋን ጠዋት የገጠመው የሰፈሩ ጠጋኝ እጁ በካቴና ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሥራውን ጨርሶ እንደወጣ ይምላል፤ ግን ሲወጣ ያየው ሰው የለም። የሟች ታናሽ ወንድም ቃል ከጸና ዕድሜውን እስር ቤት መጨረሱ ነው።

«ብቻውን ትቼው ባልሄድ ኖሮ» ይላል ጠጋኙ ደጋግሞ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሰው ሲያወራ ዝም ብላ ትነፋለች፤ የቀረውን ግን አትጥልም። መጀመሪያ ያነጋገረችው ወንድምየውን ነው። ኢንጂነር ነው፣ ቃሉን መርጦ የሚናገር ሰው።

«ጠዋት የድሮውን ጨዋታ ላሳይህ ና ብሎ ደወለልኝ» አለ። «እኩለ ቀን ላይ ስመጣ በሩ ዝግ ነው። ቴፑ እንደ ልማዱ ሲጢጥ ይላል፤ በመሃል ጠጋኙ ወንድሜን ሲቆጣው ሰማሁ። የገንዘብ ጭቅጭቅ መስሎኝ ተመለስኩ። ገብቼ ቢሆን ኖሮ...»

«ቴፑ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ከዚህ ማሽን ጋር ያደገ ሰው ያን ድምፅ ይስታል? ጨዋታው ከካሴት እስኪጫን ጆሮ ይበጥሳል። ልጆች ሆነን እናታችን ድመት የታነቀ መስሏት እየሮጠች ትመጣ ነበር።»

የትኛው ጨዋታ እንደሆነ ስትጠይቀው ወጣት ሳለ ራሱ የሠራው የመኪና ውድድር መሆኑን፣ ተሸልሞበት ውጭ አገር እንደተማረበት ነገራት። ይህን ሲል የሟች ሚስት አንገቷን ደፋች። መርማሪዋ አየቻት።

ሚስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ከሱቋ ስትመለስ ባሏን ያገኘችው እሷ ናት።

«ስንት ዘመን ጩኸቱን አጥፋልኝ እያልኩ ነዘነዝኩት» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ዛሬ ጠዋት ጠጋኙ ያችን ነገር እንደገጠመለት ጠራኝ። እዪው፣ ትንፋሽ እንኳ የለውም ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። ምናለ በጮኸብኝ።»

መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀቻት። መልሱን እንደሰማች አንድ ፖሊስ ወደ ልብስ ስፌቱ ሱቅ ላከች።

ፖሊሱ ሲመለስ ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ቁርጥራጭ ክር የተጣበቀበት የካሴት ማጫወቻ ተቀመጠ።

«ቴፑ ይኸው» አለች። «ጨዋታውን ጠጋኙ ባለፈው ሳምንት ሱቁ ወስዶ ወደ ካርዱ ገልብጦታል። ዛሬ ማንበቢያዋ ስትሠራ ሟች ከጩኸቱ ተገላገለ፤ ማጫወቻውንም ዘፈን ስሚበት ብሎ ለሚስቱ ሰጣት። ጠጋኙ ገና እዚህ እያለ ይዛው ወጣች። ታዲያ ኢንጂነር፣ እኩለ ቀን ላይ ምን ጮኸ?»

ወንድምየው ማጫወቻውን አየ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ማደር እንኳ አልቻለም።

«ከበሩ ሆኖ ያዳመጠ ሰው የሚሰማው ዝምታ ነው» ቀጠለች። «እርስዎ ግን ቤቱ ድሮ የሚሰማውን ነገሩኝ። ያልሰሙትን ጩኸት ካመጡ፣ የጠጋኙንም ቁጣ ያመጡት ራስዎ ነዎት። ለምን ስል ያ ሽልማት ትዝ አለኝ። ጨዋታውን የሠራው ማን ነው?»

«እሱ» አለ ወንድምየው። «በስሜ አቀረብኩት። ዕድሜውን ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ዛሬ ላሳይህ ሲለኝ የሱ ሥራ መሆኑን ሰው ሁሉ ሊያውቅ ነው ብዬ ፈራሁ። ጨዋታውን ስጠኝ አልኩት፤ መጀመሪያ ተቀመጥና እየው አለኝ። ገፋሁት።»

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም ወዲያው አልሞተም ብሏል» አለች መርማሪዋ።

«ስሜን ጠራኝ። እየሰማሁት በሩን ዘጋሁ።»

ሚስትየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መርማሪዋ ጠጋኙን አስፈትታ ማሽኑን እንዲያስነሳው ነገረችው። ጠጋኙ ካርዱን ሰካ፤ ጨዋታው ያለ ድምፅ ተከፈተ። መንገድ፣ ሁለት ትንንሽ መኪኖች፣ ከላያቸው ሁለት ስም። የታናሽየው ስም ቀድሟል።

«ማንበቢያዋን እንደገጠምኩለት ጋሼ መጀመሪያ የቀየረው ይሄን ነው» አለ ጠጋኙ። «ካሴቱ ላይ የጋሼ ስም ብቻ ነበር። ‹መኪኖቹን የሳለው ወንድሜ ነው፣ የሱ ይቅደም› አለኝ።»

ኢንጂነሩ ወንድሙ በወደቀበት ቦታ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ሊነግርህ አይደል የጠራህ» አለች ሚስትየዋ። «መች አስጨረስከው?»